ለኤም2 የሚሆን ኪስ የማይጎዳ ሰፊ ሌንስ፤ የላይካ ያልሆነ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ጥቁርናነጭ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች።

ካሜራዬን ታውቁታላችሁ፣ ላይካ ኤም2 የፊልም ካሜራ ነው። ያለኝ ሌንስ አንድ 50 ሚሜ ብቻ ነው። እወደዋለሁ። ግን ቤት ውስጥ ሲሆን ይጠብኛል። እኔ ደግሞ ማንሳት የምወደው ሰው ተሰብስቦ ሲጫወት ነው። ጀርባዬን ግድግዳ ላይ ለጥፌ እንኳ ዳር የተቀመጠው ሰው ግማሽ ፊቱ ውጭ ይቀራል።

ስለዚህ ሰፊ ሌንስ ልገዛ ነው። የላይካውን ዋጋ አይቼ ተውኩት። ያንን ሁሉ ለአንድ ሌንስ ከማወጣ ፊልም ብገዛበት ይሻለኛል።

እስካሁን ዓይኔ ያረፈባቸው እነዚህ ናቸው። ፎክትሌንደር 28 ሚሜ፣ አሮጌው ኤፍ/3.5 እና አዲሱ ኤፍ/2.8 (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ የሚያስገባው ብርሃን ይበዛል)። ሰቨን አርቲዛንስ 28 ኤፍ/1.4። በብሎን የሚገቡት የድሮ የካኖን 28 እና 35። የሶቪየቱ ጁፒተር-12፣ እሱ ከሁሉም ይረክሳል። አንድ የሚኖልታ ኤም-ሮኮር 28ም አግኝቼ ነበር። ሻጩ «ፊት ያለው መስታወት ውስጥ ትንንሽ ነጭ ነጥቦች አሉ፣ ፎቶ ላይ ግን አይታዩም» ይላል።

የሚያስጨንቀኝን ልናገር። አንደኛ፣ መነጽር አደርጋለሁ። ኤም2 ደግሞ በመመልከቻ መስኮቱ ውስጥ ያለው የ35፣ የ50 እና የ90 ፍሬም ብቻ ነው። የ28 የለውም። ሁለተኛ፣ የምጠቀመው ባለ 400 ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ኤፍ/3.5 ለቤት ውስጥ ይበቃኛል ወይ? ከሁሉ በላይ ደግሞ የማነባቸው ግምገማዎች ግራ አጋብተውኛል። አንዱ «ዳሩ ሐምራዊ ይሆናል፣ ጥጉ ይቀልጣል» ብሎ ያጣጥላል። ሌላው ያንኑ ሌንስ ሰማይ ያደርሰዋል። ማንን ልመን?


ቀይ መብራት፦

ሰላም ነሽ ልጄ? ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልነሳ። እሱ ሲፈታ ሌላው ሁሉ ይቀላል።

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። «ዳሩ ሐምራዊ ሆነ» የሚለው ሌንሱን ዲጂታል ካሜራ ላይ ገጥሞ ነው። የሚያሞግሰው ፊልም ላይ ነው የሞከረው። ነገሩ እንዲህ ነው። የኛ ካሜራ ውስጥ ብድግ ቁጭ የሚል መስታወት የለም። ስለዚህ ሌንስ ሠሪው የኋላውን መስታወት ወደ ፊልሙ በጣም ማስጠጋት ይችላል። በዚህም ሌንሱ ትንሽ ሆኖ ይቀራል፤ የበርና የመስኮት መስመርም አይጎብጥም። ጣጣው፣ ብርሃኑ ጥግ ላይ ሲደርስ በጣም አጋድሎ መምጣቱ ነው። ፊልም ይህን ብዙም አይቸገርበትም። ዲጂታል ሴንሰር ግን ከላዩ የመስታወት ሽፋንና ጥቃቅን ሌንሶች አሉበት። አጋድሎ የመጣው ብርሃን እዚያ ላይ ይዛባል። ሐምራዊው ቀለምም፣ የቀለጠው ጥግም ከዚያ ነው የሚመጣው።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የፎክትሌንደር 15 ሚሜ ኤፍ/4.5 ነው። የጃፓኑ ኮሲና በፎክትሌንደር ስም ሌንስ መሥራት ሲጀምር፣ እ.ኤ.አ. በ1999፣ ካወጣቸው የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ዲጂታል ላይ ዳሩን ቀለም እየነከረ አስቸገረ። በ2015 ሦስተኛው ዙር ሲወጣ ውስጡ እንደ አዲስ ተሠራ፤ ሌንሱም ተለቅ አለ። ፊልም ላይ ግን የመጀመሪያው ዛሬም ምንም አይወጣለትም። እና ግምገማ ስታነቢ መጀመሪያ የምትጠይቂው «በምን ካሜራ?» የሚለውን ይሁን። ዲጂታል የያዙ ሰዎች የማይፈልጉት ሰፊ ሌንስ ላንቺ ሲሳይ ነው።

የጥጉ መጨለም ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ ፊልምም ላይ አለ። ከሰፊ ሌንስ ተፈጥሮ ጋር የተያያዘ ነው። ስላይድ ለሚያነሳ ሰው ያስቸግራል። ጥቁርና ነጭ ኔጌቲቭ ግን ቻይ ነው፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ በእጅ ይስተካከላል። እኔ እንዲያውም ብዙ ጊዜ እንዳለ እተወዋለሁ። ፊት ላይ ዓይን ይሰበስባል።

አሁን ወደ ስፋቱ። ስለ ዲግሪ ማውራት ብዙም አይጠቅምም። ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ቆመሽ ካሜራውን አግድም ብትይዢ፣ 50 ሚሜ 1.4 ሜትር ያህል ስፋት ያሳይሻል። 35 ሁለት ሜትር ያሳያል። 28 ሁለት ሜትር ተኩል። 21 ሦስት ሜትር ከ40። አንቺ ስለ ተሰበሰበ ሰው ስለምትናገሪ 35 ጥሩ ነው፣ 28 ይሻላል። 21 ላይ ዳር የተቀመጠ ሰው ፊቱ ወደ ጎን ይለጠጣል። የሌንሱ ጉድለት አይደለም፤ ቀጥ ያለን መስመር ቀጥ አድርጎ የሚያሳይ ሰፊ ሌንስ ሁሉ ይህን ያደርጋል። ግን አክስትሽ ፎቶውን ስታይ አትደሰትም።

የካሜራውን መመልከቻ መስኮት በተመለከተ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እባክሽ ልብ ብለሽ አንብቢው። ኤም2 ላይ የ28 ፍሬም ባይኖርም፣ በመስኮቱ ውስጥ የሚታየው ሁሉ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ በግምት የ28 ስፋት ነው። ብዙ ሰው በዚህ ብቻ ይሠራል። ችግሩ ፍሬሙ ነው። የኤም ማውንት (በብሎን ሳይሆን በጥርስ የሚገጠም) 28 ሌንስ ስትገጥሚ ካሜራው የሚያወጣልሽ የ90ውን ፍሬም ነው። የ28ቱና የ90ው ጥርስ አንድ ስለሆነ። መሀል ላይ ትንሽ ሳጥን ተደቅና ታስቸግርሻለች። በብሎን የሚገባ ሌንስ ከሆነ ግን ፍሬሙን የሚመርጠው አዳፕተሩ፣ ሌንሱን ከካሜራው የሚያገናኘው ቀለበት፣ ነው። አዳፕተሩ በሦስት ዓይነት ይመጣል፤ ለ28/90፣ ለ35/135 እና ለ50/75። አንቺ ለ28 ሌንስሽ ሆን ብለሽ የ35/135ቱን ግዢ። ያኔ የ35ቱ ፍሬም ይመጣል። ከፍሬሙ ውጭ ያለውም እስከ ጠርዙ ድረስ ፎቶሽ ውስጥ እንደሚገባ ታውቂያለሽ። በመነጽር ጠርዙን ሙሉ ለሙሉ ባታዪው እንኳ የ35ቱን መስመር ስለምታዪ መነሻ አለሽ።

ለዚህ ነው ከዘረዘርሻቸው ውስጥ ልቤ ወደ አሮጌው ፎክትሌንደር 28 ኤፍ/3.5 ያደላው። የብሎን ነው። ከሬንጅፋይንደሩ፣ ሁለት ምስል አጋጥሞ ፎከስ ከሚያስይዘው የካሜራው ክፍል፣ ጋር ይናበባል። በጣም ትንሽ ስለሆነ መስኮቱን አይጋርድም። አሁን ስለማይመረት ያገለገለ ነው የምታገኚው። አዲሱ ኤፍ/2.8 ግሩም ሌንስ ነው። ግን ኤም ማውንት ነው፣ ያቺን የ90 ሳጥን ይዞብሽ ይመጣል።

ሮኮሩን ተዪው። ነጭ ነጥቦቹ የዚያ ሌንስ የታወቀ በሽታ ናቸው። ሻጩ አልዋሸም፤ ጥቂት ሲሆኑ ፎቶ ላይ አይታዩም። ሲበዙ ግን ብርሃን ፊት ለፊት ሲመታው ምስሉን ያደበዝዛሉ። ገንዘብሽን ከነበሽታው አትክፈዪ።


ሰያፍ ብርሃን፦

ስለ አዳፕተሩ የተባለውን አላውቅም ነበር፣ ጋሼ እናመሰግናለን።

ግን በኤፍ/3.5ቱ አልስማማም። እሷ የምታነሳው ቤት ውስጥ ነው። ማታ አምፖል በርቶ፣ ባለ 400 ፊልም፣ ኤፍ/2 ላይ 1/30 ሰከንድ ብታገኝ ነው። ኤፍ/3.5 ላይ ወደ 1/10 ትወርዳለች። ሰው እየሳቀ፣ እጁን እያወራጨ በ1/10 ምን ይሆናል? ሰቨን አርቲዛንሱ በኤፍ/1.4 1/60 ይሰጣታል። እኔ እሱን ነው የምይዘው። አሠራሩ ጠንካራ ነው፣ ሁሉም ብረት። ፎከሱ ከካሜራው ጋር ካልተናበበ ደግሞ ራስህ በትንሽ ብሎን ፈቺ የምታስተካክልበት መንገድ አለው። ይህንን ብዙ ሌንስ ላይ አታገኘውም። ለጥገና ሳልልክ በገዛ እጄ ከካሜራዬ ጋር አስታርቄዋለሁ።

ያው ትልቅ ነው። መስኮቱን ከታች በቀኝ በኩል ይበላል። ለምጄዋለሁ።


ቀይ መብራት፦

ሰያፍ ብርሃን፣ የሰጠኸው ቁጥር ልክ ነው። በሱ ላይ ክርክር የለኝም። እኔ የምለው ሌላ ነው።

ኤፍ/1.4 ላይ ሁለት ሜትር የራቀ ሰው ላይ ፎከስ ስታደርግ፣ ጥርት ብሎ የሚወጣው ከ1.8 እስከ 2.2 ሜትር ያለው ብቻ ነው። አርባ ሴንቲ ያህል። አንድ ሰው ብቻውን ብታነሳ ያምራል። እሷ ግን የምትፈልገው ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጠ ሰው ነው። ከፊት ያለው ይወጣል፣ ከኋላ ያለው ይደበዝዛል። ኤፍ/2.8 ላይ ክልሉ ከ1.65 እስከ 2.55 ይሆናል፤ ዘጠና ሴንቲ ማለት ነው። ሰፊ ሌንስ የምንገዛው ብዙ ሰው አብሮ እንዲታይ አይደለም እንዴ?

ብርሃኑን ከፊልሙ ማግኘት ይቻላል። ያንኑ ባለ 400 ፊልም 1600 ላይ አንስታ ፑሽ ብታስደርገው (ሲታጠብ ጊዜውን ማስረዘም ነው)፣ ኤፍ/2.8 ላይ 1/60 ታገኛለች። ልክ አንተ በኤፍ/1.4 ያገኘኸውን። ኤፍ/3.5 ላይም ወደ 1/40 ይጠጋል፤ በ1/30 ታነሳዋለች። በእርግጥ ዋጋ አለው። ግሬኑ፣ የፊልሙ ቅንጣት፣ ይበዛል፤ ጥላ ውስጥ ያለው ዝርዝር ይሳሳል። እኔ ፊት ላይ ያለ ግሬን እወዳለሁ። የደበዘዘ ዓይን ግን አልወድም።

መስኮቱን ይበላል ያልከው ደግሞ ለሷ ቀላል አይደለም። እሷ የ28 ፍሬም የላትም፣ የመስኮቱን ጠርዝ ነው የምትጠቀመው። በመነጽር ላይ ሌንሱ ራሱ ጥጉን ከጋረደባት ምን ይተርፋታል? ፍሬም ያለው ካሜራ ቢኖራት፣ ኤም4-ፒ ወይም ኤም6፣ ያንተን ምክር እደግፍ ነበር።


ጥቁርናነጭ፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። 1600 ላይ ማንሳቱን እስከዛሬ አልሞከርኩትም፣ ደስ አለኝ።

ጋሼ፣ ስለ ጁፒተሩ ምንም አላሉኝም። ዋጋው ያጓጓል። ደግሞ አንድ ሌላ የሶቪየት ሌንስ አየሁ፣ ሚር-1 የሚባል፣ 37 ሚሜ ኤፍ/2.8። እሱም ብሎኑ 39 ነው ይላል። ያው አይደለም?


ቀይ መብራት፦

ያው አይደለም! እንኳንም ጠየቅሽ።

39 ሚሜ ብሎን ያለው ሁሉ የኛ አይደለም። ሚር-1 ለዜኒት ነው የተሠራው። ዜኒት በመስታወት የሚታይበት ካሜራ ነው። እዚያ ላይ ከሌንሱ መቀመጫ እስከ ፊልሙ 45.2 ሚሜ ነው። በኛ በብሎኑ ካሜራ 28.8 ነው፣ በኤም 27.8። ልዩነቷ አንድ ሚሊ ናት፤ አዳፕተሩ አንድ ሚሊ ውፍረት ያለው ለዚህ ነው። ሚር-1 ካሜራሽ ላይ በደንብ ይገባል፣ ይጠብቃል፣ ያምራልም። ግን ከሚገባው ከ16 ሚሊ በላይ ወደ ፊልሙ ስለሚጠጋ ቅርብም ሩቅም ምንም ነገር ጥርት አይልም። ኤንላርጀር (ፎቶ ማተሚያ) ላይ የሚገቡ ብዙ ሌንሶችም ብሎናቸው 39 ነው። እነሱም ካሜራ ላይ ገብተው አይሠሩም። ሻጭ «39 ነው» ሲልሽ «ለየትኛው ካሜራ የተሠራ?» በዪው።

ጁፒተር-12 ግን ሌላ ነው። 35 ሚሜ ኤፍ/2.8። መሠረቱ የዛይስ ቢዮጎን ነው። ጥሩው ከተገኘ ምስሉ ልብ ይነካል፤ በተለይ ጥቁርና ነጭ ላይ። 35 ስለሆነ ኤም2 ላይ ፍሬሙ አለሽ። ብቻ ሦስት ነገር ተጠንቀቂ።

የመጀመሪያው፣ ጁፒተር-12 በሁለት ማውንት ነው የተሠራው። አንዱ የኛ ብሎን ነው። ሌላው ለኪየቭና ለኮንታክስ ካሜራዎች ነው፤ እሱ አይገባልሽም። ፎቶው ላይ ከኋላ ያለውን ጥርስ አሳየኝ በዪ።

ሁለተኛው የኋላው መስታወት ነው። ስታዪው ትደነግጫለሽ። ትልቅ ክብ ሆኖ ወደ ኋላ ተወጥሮ ይወጣል፣ ከብረቱ አልፎ። ክዳን ሳታደርጊለት ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጥሽው ጠረጴዛውን የሚነካው መስታወቱ ነው። ክዳኑም ጥልቅ መሆን አለበት፤ ተራው አይበቃውም። ካሜራው ላይ ስታስገቢ ቀስ ብለሽ አዙሪ፤ የሚነካ ነገር ከተሰማሽ አትግፊ። ውስጣቸው ብርሃን መለኪያ ያለባቸው ካሜራዎች ላይ ያ መስታወት መለኪያውን ያሳስተዋል። ላይካ ኤም5 እና ሲኤል ላይ ደግሞ መለኪያው በክንድ ወደ ውስጥ ስለሚወጣ፣ ጥልቅ ሌንስ ከክንዱ ጋር ሊጋጭ ይችላል። ኤም2 መለኪያ ስለሌለው አንቺ ከዚህ ተገላገልሽ።

ሦስተኛው አፐርቸሩ፣ የሌንሱ የብርሃን ቀዳዳ፣ ነው። ቀለበቱ ከውጭ የለም። ከፊት በኩል፣ መስታወቱ ዙሪያ፣ ጣትሽን አስገብተሽ ነው የምታዞሪው። ቀጭ ቀጭ አይልም። ፊልተር ከገጠምሽ በኋላ መድረስ አስቸጋሪ ነው፤ ጣትሽም መስታወቱን ሊነካ ይችላል። ረጋ ብሎ ለሚያነሳ ሰው ችግር የለውም። ሰው ሲስቅ ለመያዝ ለምትሮጪው ላንቺ ግን ያናድድሻል።

«የሶቪየት ሌንስ ላይካ ላይ ፎከሱ አይናበብም» ሲባል ትሰሚያለሽ። ለ50 እና ከዚያ በላይ ላለው እውነትነት አለው፤ ቅርብ ላይ በሰፊው ተከፍቶ ሲነሳ ይታያል። 35 ኤፍ/2.8 ላይ ግን የጥርትነት ክልሉ ሰፋ ስለሚል ብዙውን ጊዜ ይሸፍነዋል።

35 ላይ ለመቆየት ከወሰንሽ፣ ከጁፒተሩ ይልቅ የፎክትሌንደር 35 ኤፍ/2.5ን ወይም የካኖኑን 35 ኤፍ/2 ፈልጊ። ሁለቱም ትንንሽ ናቸው፤ የመስኮቱን ጥግ አይነኩም።


አስራአምስት፦

ሰላም። ሁላችሁም 21ን ቶሎ አለፋችሁት፣ ቅር አለኝ።

እኔ ከፎክትሌንደር 21 ኤፍ/4 እና ከመጀመሪያው 15 ጋር ነው የምኖረው። 15ቱ ከሬንጅፋይንደሩ ጋር አይናበብም። አብዛኛው ሰው ይህን ሲሰማ ይሸሻል። መሸሽ አያስፈልግም! ቁጥሩን እዩት። ኤፍ/8 ላይ 28 ሚሜ 3.3 ሜትር ላይ ስታስቀምጡት ከ1.6 ሜትር እስከ ዓለም ዳር ጥርት ይላል። 21 ሚሜ 1.8 ሜትር ላይ ስታስቀምጡት ከ90 ሴንቲ ጀምሮ። 15 ሚሜ አንድ ሜትር ላይ ይቀመጥና ከግማሽ ሜትር ጀምሮ። ከዚህ በኋላ ፎከስ የሚባል ነገር የለም። ቀና ትላለህ፣ ትጫናለህ፣ አለቀ። ጠባብ ክፍል፣ ጠባብ ኮሪደር፣ ደረጃ፣ ጣሪያ፣ ለነዚህ የሚያህለው የለም።

ከላይ የሚሰካ የተለየ መመልከቻ ግን ግድ ነው፤ ያለሱ ምን እንደያዝክ አታውቅም። መመልከቻው ከሌንሱ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ቅርብ ያለ ሰው ስታነሳ ከምታየው ዝቅ ብሎ ነው ፊልሙ ላይ የሚያርፈው። ከጭንቅላቱ በላይ ትንሽ ቦታ ትተህ አንሳ።


ጥቁርናነጭ፦

አስራአምስት፣ 21ን አንድ ቀን እመጣበታለሁ። ቤት ውስጥ ኤፍ/8 ስለማላገኝ ለጊዜው ይቆይልኝ።

ወስኛለሁ። ፎክትሌንደር 28 ኤፍ/3.5 የብሎኑ፣ ከ35/135 አዳፕተር ጋር። አንድ ያገለገለ አግኝቻለሁ። ሻጩ አይቼ ካልጣመኝ መመለስ እንደምችል ቃል ሰጥቶኛል። እጄ ሲገባ ምን ምን ልይ? አንድ ጥቅል ፊልም አንስቼ አጥቤ እስካይ የመመለሻው ጊዜ እንዳያልፍብኝ ፈራሁ።


ቀይ መብራት፦

ፊልም ሳታባክኚ ማየት ይቻላል። ልንገርሽ።

መጀመሪያ መስታወቱን። ክፍሉን አጨልሚ። አፐርቸሩን ሙሉ ክፈቺ። የስልክሽን መብራት ከኋላ በኩል፣ ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን አድርገሽ አብሪበት። ከፊት ሆነሽ ተመልከቺ። የአቧራ ነጥብ ምንም አይደለም፤ የሌለበት ሌንስ የለም። ወጥ የሆነ ስስ ጭጋግ ካየሽ መልሺው። ጭጋግ ጥቁሩን ግራጫ ያደርገዋል፤ መስኮት ያለበት ክፍል ውስጥ ደግሞ ይብሳል። ቀጫጭን ክር የመሰለ ነገር እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግቶ ካየሽ ሻጋታ ነው። እሱንም መልሺ። ከዚያ አፐርቸሩን ክፈቺ ዝጊው። ቢላዎቹ ደረቅ መሆን አለባቸው። የፎከስ ቀለበቱን ከዳር እስከ ዳር አዙሪ። ሲጠብቅና ሲላላ እጅሽ ያውቀዋል።

ቀጥሎ ሬንጅፋይንደሩን። የሌንሱን ፎከስ በሩቁ መጨረሻ ላይ አድርጊና በጣም ሩቅ ያለ ነገር እይ። አንቴና፣ የሕንፃ ጫፍ፣ ከብዙ መቶ ሜትር በላይ የሆነ ነገር። ሁለቱ ምስሎች ልክ አንዱ ባንዱ ላይ መግጠም አለባቸው።

አሁን ዋናው። መስኮቱ የሚልሽና ፊልሙ የሚያየው አንድ መሆኑን ማረጋገጥ አለብሽ። ኤም2 ላይ የታችኛውን ክዳን አውጪ፣ የጀርባውን ገልጠሽ ክፈቺ። ፊልሙ የሚያልፍባቸው ሐዲዶች ይታዩሻል። ሁለት የውስጥ፣ ሁለት የውጭ። ፊልሙ የሚያርፈው ውስጠኞቹ ላይ ነው። በእነሱ ልክ የተቆረጠ ጠንካራ፣ ገጹ ሻካራ የሆነ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር ያስፈልግሻል። የተፈተገ ቁራጭ መስታወት ቢሆን በጣም ጥሩ፤ ፈትጎ ያደበዘዙት ወፍራም ፕላስቲክም ይሠራል። ሻካራው ገጽ ወደ ሌንሱ ይሁን። ፕላስተር ብቻውን አይሆንም፣ መሀሉ ይረግባል።

ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አስቀምጪ። ሻተሩን ቢ ላይ (እስክትለቂው ተከፍቶ የሚቆይበት) አድርጊና በኬብል ሪሊዝ፣ በገመድ መጫኛው፣ ከፍተሽ ቆልፊው። መጋረጃው ከተከፈተ በኋላ ነው መስታወቱን የምታስቀምጪው። መጋረጃው ጨርቅ ነው፤ ጣትሽም ሆነ የመስታወቱ ጠርዝ እንዳይነካው አደራ። አፐርቸሩ 3.5 ላይ ይሁን። አንድ ሜትር ላይ ጋዜጣ ለጥፊና በመስኮቱ ፎከስ አድርጊ። ከዚያ ከኋላ በአጉሊ መነጽር እይ። ፊደሉ የተገለበጠ ሆኖ ጥርት ካለ ሌንሱና ካሜራው ተስማምተዋል። ሩቁንም እንዲሁ አድርጊ።

ሩቁ ካልጠራ ሌንሱን ከመክሰስሽ በፊት አዳፕተሩን ጠርጥሪ። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። አዳፕተሩ አምስት መቶኛ ሚሊ ብቻ ቢወፍር፣ 28 ሚሜ ሌንስ «መጨረሻ» ሲልሽ በእውነቱ ፎከሱ ያለው 16 ሜትር ገደማ ላይ ነው። 50 ሚሜ ላይ ያው ስህተት 50 ሜትር ላይ ያደርገዋል፣ ብዙም አይታወቅም። 15 ላይ ደግሞ አራት ሜትር ተኩል! ሌንሱ እየሰፋ ሲሄድ አዳፕተሩ ይበልጥ ልክ መሆን አለበት ማለት ነው። ስለዚህ ሌንሱ ላይ የቆጠብሽውን አዳፕተሩ ላይ ትንሽ መልሺው። በካሊፐር የሚለካ ሰው ካለ በአራት ቦታ ይለካልሽ፤ ዙሪያውን እኩል አንድ ሚሊ መሆን አለበት።


ሰያፍ ብርሃን፦

ጋሼ፣ ይህንን ለብቻው ብትለጥፉልን ምን አለ? ስፈልገው የነበረ ነገር ነው።

ጥቁርናነጭ፣ እኔ ደግሞ ሁድ፣ ሌንሱ ላይ የሚገጠመውን የብርሃን መከለያ፣ እንዳትረሺ እላለሁ። ትንሽዋን፣ ቀዳዳ ያላትን ዓይነት። ትልቁ ሁድ የመስኮቱን ጥግ ስለሚጋርድብሽ ትንሽ ሌንስ የገዛሽበት ጥቅም ይቀርብሻል።


ጥቁርናነጭ፦

ሌንሱ ደረሰ! መስታወቱ ንጹሕ ነው፣ ጭጋግ የለበትም። ቀለበቱ ለስላሳ ነው። የተፈተገ መስታወት ከፎቶ ፍሬም ሠሪ አስቆርጬ ጋዜጣውን አየሁት፤ ትንሹ ፊደል ሳይቀር ይነበባል። የ35ቱ ፍሬም እንደተባለው ይመጣል። በመነጽር ግራና ቀኙን ጠርዝ ለማየት ዓይኔን ትንሽ ማንቀሳቀስ አለብኝ፤ ላይና ታቹ ግን ይታየኛል።

ሩቁ ላይ ግን አንድ ነገር አለ። በሬንጅፋይንደሩ ሁለቱ ምስሎች ይገጥማሉ። በተፈተገው መስታወት ግን ሩቅ ያለው አንቴና ትንሽ ለስለስ ይላል። ኤፍ/5.6 ላይ ጥርት ይላል።


ቀይ መብራት፦

እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ!

አዳፕተሩ ይመስለኛል። ሌላ አዳፕተር ከሰው ተውሰሽ ያንኑ አንቴና በ3.5 እይ። ከጠራ፣ ሌንሱን ያዢ፣ አዳፕተሩን ቀይሪ። ካልጠራ ሌንሱን መልሺ፤ የመመለሻው ቀን ሳያልፍ ዛሬውኑ ሞክሪው። ለማንኛውም እስከዚያው ቤት ውስጥ ከማንሳት አያግድሽም። አንድ ሜትሩ ላይ ፊደሉ ከተነበበ፣ ክፍል ውስጥ ያለው ርቀት ሰላም ነው።

አንድ አደራ። ውጭ ይዘሽው ስትወጪ ሌንሱን ወደ ፀሐይ አዙረሽ አታቆዪው። ካሜራችን ብድግ ቁጭ የሚል መስታወት ስለሌለው ሌንሱ ፀሐይዋን ቀጥታ የጨርቁ መጋረጃ ላይ ይሰበስባታል፤ ይበሳዋል። ካላነሳሽ ክዳኑን መልሺ፣ ወይም ሌንሱን ወደ መሬት አድርጊ።